ዘፈኑ በዝቷል፤ አብሮ ማድመጡስ?

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ከሥራ ወደ ቤትዎ ሲመለሱ ቦርሳዎን ከማስቀመጥዎ በፊት ለአፍታ ያህል በሩ ላይ ቆም ብለው ያድምጡ። የሚያጋጥምዎ ነገር እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል። ትልቋ ልጅ በሁለት ጆሮዎቿ ማዳመጫ ሰክታ ደብተሯን ገልጣለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ታናሽ ወንድሟ አልጋ ላይ ተጋድሞ የስልኩን መስታወት በአውራ ጣቱ ወደ ላይ እየገፋ በየጥቂት ሰከንዱ አዲስ ዜማ ይለዋውጣል። የመጨረሻው ሕፃን እንዳያለቅስ ተብሎ ስልክ ተሰጥቶት በማያውቀው ቋንቋ የሚዘፍን ዓሣ ያያል። አባት ሳሎን ተቀምጠው የድሮ ዘፈን ከፍተዋል፤ እርሳቸውም ጆሯቸውን ደፍነዋል። አያት ብቻ ጥግ ይዘው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ዓይነት ሙዚቃ እየተደመጠ ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል።

እንደሚታወቀው ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ የመሳሰሉት ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሙዚቃ የምናደምጥበትን ልማድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሥር መሠረቱ ለውጠውታል። ስለ ለውጡ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከዘፋኙና ከገበያው አንጻር ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ጉዳዩን ከቤተሰብ አንጻር ማየት፣ በተለይም ውላ የምትገባ ሠራተኛ እናት በቤቷ ውስጥ ምን እንዳገኘችና ምን እንዳጣች መመርመር ነው።

አንድ ቴፕ ለመላው ቤተሰብ

ለውጡን በሚገባ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። ቀድሞ ዘፈን የሚደመጠው ዘፋኙና አድማጩ ፊት ለፊት ተያይተው ነበር። በሠርግ፣ በክብረ በዓልና በአዝማሪ ቤት አድማጭ ዝም ብሎ ተቀባይ ብቻ አልነበረም፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪውም ያንኑ በዜማ ይመልሳል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅርም ይህንኑ ፊት ለፊት የመደማመጥ ባህል ወደ መድረክ ያወጣ ነበር።

ከዚያም ሸክላ መጣ። አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የራሳቸውን ሸክላ ማሳተም ጀምረው እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን ለአድማጭ አብቅተዋል። የእነዚህ ሸክላዎች አንዱ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። የሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ብዙው ሕዝብ ዘፈኑን የሚሰማው በራዲዮ፣ በቡና ቤትና በሙዚቃ ቤት ደጃፍ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ካሴት ሸክላን ሲተካ ሙዚቃ ወደ ብዙ ቤቶች ገባ፤ ይሁን እንጂ በአንድ ቤት ውስጥ ያለው ማጫወቻ በአብዛኛው አንድ ብቻ በመሆኑ ማድመጡ የጋራ እንደ ሆነ ቆየ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያደገችው በካሴት ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በቤታችን እናቴ በእጇ የሠራችው ዳንቴል የሚለብስ አንድ ቴፕ ነበረ። የካሴቱ ክር ሲላላ በእስክሪብቶ እያሽከረከርን እንመልሰዋለን። የሚከፈተውን የምትመርጠው እናቴ ስትሆን ጊዜውም እሑድ ቡና ሲፈላ ነበር። እኛ ልጆች ምርጫዋን አንወድላትም፤ «የአሮጊት ዘፈን» እያልን እናንሾካሹካለን። ሌላ ቴፕ ስላልነበረ ግን ሰማነው፤ ደጋግመን ከመስማታችን የተነሣም ከነመግቢያው በቃላችን ያዝነው። ከዘፈኖቹ አንዱ የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ እናቴ ሲኒውን አስቀምጣ ዝም ትል ነበር። ለምን እንደሆነ የጠየቅኋት ካደግሁ በኋላ ነው። ወንድሟ ወደ ጦር ግንባር የተሸኘበት ሰሞን ጎረቤት ሁሉ የሚያጫውተው ያንን ዘፈን ነበር። አጎቴ አልተመለሰም። እኔ በፎቶግራፍ ብቻ ነው የማውቀው፤ ይሁን እንጂ ስለ እርሱ የሰማሁት ሁሉ የመጣልኝ ባልወደድኩት፣ ባልመረጥኩትም ዘፈን በኩል ነው። እናቴ ያንን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ለብቻዋ ብታደምጠው ኖሮ ዝም ማለቷን ማን ያስተውል ነበር?

በሌላ በኩል ያን ጊዜ ሁሉ ነገር መልካም ነበር ማለት አይደለም። በብዙ ቤቶች ራዲዮና ቴፑ የአባት ንብረት ነበሩ። ዜና ይሁን ዘፈን የሚወስኑት እርሳቸው ሲሆኑ እናት ከማጀት ሆና የደረሳትን ያህል ትሰማ ነበር። ወደ አዝማሪ ቤት ወይም ወደ ምሽት ክበብ ጎራ ማለትማ ለባለትዳር ሴት የሚታሰብ አልነበረም። ስለሆነም ያለፈውን ስናስታውስ አብሮ የመደማመጡን መልካም ጎን መውሰድ፣ አንዱ ሲያዝ ሌላው የሚታዘዝበትን መተው ይገባል።

በጎ ጎኑን መካድ አይገባም

ዛሬ ያቺው እናት ሽንኩርት እየከተፈች የአስናቀች ወርቁን ክራር በስልኳ መክፈት ትችላለች፤ የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም፣ ካሴት ፍለጋም መርካቶ አትወርድም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የተረሳ ሙዚቃ እንደገና ሕይወት ያገኘበትም ጊዜ አለ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት አንጋፋው የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ከዋሊያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዘው በዚያው ከቀሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወቱ አንድ ካሴት አወጡ። ከጊዜ በኋላ ከመድረክ ርቀው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር። የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ በኢንተርኔት ለዓለም ያሰማ የነበረ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና እንዲታተም አደረገ። ኃይሉም ተመልሰው በዓለም መድረኮች ላይ ተጫወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አቀረቡ። በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የነበረ ካሴት ይህን ያህል መንገድ ሊሄድ የቻለው በዚህ በአዲሱ የመደማመጫ መንገድ ነው። በእርስዎም ቤት፣ ከቁም ሣጥኑ በላይ፣ እንዲህ ያለ የካሴት ካርቶን ይኖር ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ጥቅሙ የሚታወቀው ከቤተሰቧ ለተለየች ሴት ነው። ቀድሞ ወደ ውጭ አገር የሄደ ዘመድ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሰው እጅ ይልክ ነበር፤ ካሴቱ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። አሁን ግን በቤሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እናት ልጇን እሹሩሩ የምትልበትን ድምፅ በስልክ ብትልክ ሕፃኑ በዚያው ምሽት ሊተኛበት ይችላል። ቴክኖሎጂ የሰውን ናፍቆት ለማስታገስ ሲውል መመስገን ይገባዋል።

ምርጫው ከማን እጅ ገባ?

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ዘፈኑን ቀድሞ የሚመርጠው እናት፣ አባት ወይም የራዲዮ ጣቢያው አዘጋጅ ነበር። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ከተጀመረና ቲክቶክ እ.ኤ.አ. በ2017 ከቻይና ውጭ ላለው ዓለም ከተዘረጋ ወዲህ ግን ለአድማጩ ቀጣዩን ዘፈን የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒዩተር ስሌት ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ላይ አንድ ነገር ሲከፍቱ ስንት ሰከንድ እንደቆዩ፣ ምኑን እንደደገሙ፣ ምኑን ሳይጨርሱ እንዳለፉና ለማን እንደላኩ ይመዘገባል። ከዚያም ሌላ ጊዜ እንዲቆዩ ያደርጋል ተብሎ የተገመተው ይቀርብልዎታል። ዓላማው እርስዎን ከመስታወቱ ፊት ማቆየት ነው፤ በቆዩ ቁጥር ማስታወቂያ ይታያልና።

ስልክዎን ለልጅዎ የሚሰጡ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ስሌቱ ጣቱን እንጂ ባለቤቱን አይለይም። እርስዎና የአራት ዓመቱ ልጅዎ በአንድ ስልክ ስትጠቀሙ ሁለታችሁን እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ ለእርስዎ የሕፃን ዘፈን፣ ለእርሱም ለአዋቂ የተሠራ ቪዲዮ ሊያቀርብ ይችላል። «ይህ ነገር ከየት መጣ?» ብለው ተደንቀው ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ራስ እንጂ እግር የሌለው ዘፈን

ሁለተኛው ለውጥ በዘፈኑ ርዝመት ላይ የደረሰው ነው። ዘፈን በቲክቶክ የሚሰራጨው በአብዛኛው ከመካከሉ ተቆርጦ፣ ለጭፈራ ወይም ለቀልድ የሚመቸው ክፍል ብቻ ተመርጦ ነው። በሌላው ዓለም ዘፈን መግቢያው እያጠረ መምጣቱ ቀደም ብሎም ታይቷል። በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በዚያ አገር የታወቁ ዘፈኖችን መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በአማካይ ከ20 ሰከንድ በላይ ይወስድ የነበረው የመሣሪያ መግቢያ በ2015 ወደ 5 ሰከንድ ያህል እንደ ወረደ አመልክቷል። አድማጭ በአንድ ጣት ማለፍ ከቻለ ዘፋኙም ቶሎ ለመያዝ መቸኮሉ አይቀርም። ቲክቶክ የመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን ችኮላውን ይበልጥ አባባሰው።

በእኛ ሙዚቃ ይህ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ቅኝቶቻችን ጊዜ ይፈልጋሉ። መሣሪያው መንገዱን ይጠርጋል፣ ድምፁ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ወርቁ ከሰሙ የሚለየውም ስንኙ እስከ መጨረሻው ሲሰማ ነው። ግማሹን ስንኝ ብቻ የሰማ ልጅ ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሎ ይሄዳል።

በቅርቡ በዚህ ረገድ ያየሁትን ልንገርዎ። ቡና ተፈልቶ በተቀመጥንበት የ13 ዓመቷ የእኅቴ ልጅ አንድ ዜማ ታንጎራጉራለች። እናቴ ቀና ብላ «የቀረውስ?» አለቻት። ልጅቱ ግራ ተጋባች። «አለቀ እኮ፤ ሌላ አለው እንዴ?» አለች። ለእርሷ ዘፈኑ ማለት በስልኳ ላይ ሰዎች የሚጨፍሩበት ያ አንድ ቁራጭ ነበር፤ አያቷ በወጣትነቷ የሰማችው አሮጌ ዘፈን መሆኑን አላወቀችም። ዘፈኑን ሙሉውን ከፍተን ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥነው። መግቢያው ሲረዝምባት ጣቷ ሁለት ጊዜ ወደ ስልኩ ሄደ፤ ሁለት ጊዜም ተመለሰ። ሲያልቅ «እማማ፣ ይህን የት ነበር የምትሰሚው?» ብላ ጠየቀች። የዚያን ቀን ቡናው እስከ በረካ ድረስ ረዘመ፤ እናቴም ስለ ወጣትነቷ እኛ ልጆቿ እንኳ ያልሰማነውን አወራች።

ልብ ይበሉ፤ ልጅቱን ወደዚያ ዘፈን ያመጣት ማኅበራዊ ሚዲያው ነው። ወደ ዘፈኑ መጨረሻ ያደረሳት ግን አያቷ ናት። ስልኩ በሩን ከፍቷል፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሰው ነው።

የሕፃናት ጆሮ

ለሕፃናት ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ቤቢ ሻርክ» የተባለው የኮሪያ ድርጅት የሠራው የልጆች መዝሙር እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከ10 ቢሊዮን ጊዜ በላይ በመታየት በዩቲዩብ የመጀመሪያው ሆኗል። ከዚህ ቁጥር ውስጥ የእኛ አገር ሕፃናትም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። መዝሙሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሕፃኑን የሚያስተኛው፣ የሚያጫውተውና ዝም የሚያሰኘው ሁልጊዜ ስልክ ከሆነ ከእናቱና ከሞግዚቱ አንደበት የሚሰማው ቃል ያንሳል። እሹሩሩ የእናት ትንፋሽና ጀርባ ያለበት ነው፤ ድምፁ ያማረ መሆን አይጠበቅበትም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ተቀምጦ ቪዲዮ ማየትን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ያሳስባል።

የጆሮ ማዳመጫም እንዲሁ ነው። ይኸው ድርጅት በዓለም ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በከፍተኛ ድምፅ በማድመጥ ምክንያት የመስማት ችሎታቸው ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን ይገልጻል። በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማድመጥ የሚቻል ሲሆን ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ከፍ ካለ ግን የተፈቀደው ጊዜ በሳምንት ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በጉዳት የጠፋ የመስማት ኃይል አይመለስም። ቀላሉ ዘዴ የስልኩን ድምፅ ከሙሉ ኃይሉ 60 በመቶ እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ልጅዎ ማዳመጫ አድርጎ ሳለ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነው ሲያናግሩት ካልሰማዎ ድምፁ በዝቷል ማለት ነው።

ከእናት ምን ይጠበቃል?

ልጅን ስልክ ነጥቆ ወደ ካሴት ዘመን መመለስ አይቻልም፤ ቢቻልም አይጠቅምም። ጓደኞቹ የሚያወሩት በዚያው ነውና መከልከል ብቻውን ልጁን ወደ መደበቅ ይገፋዋል። ከዚህ ይልቅ በአንዲት ሠራተኛ እናት አቅም ሊደረጉ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን እናመለክታለን።

አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቡና ሲፈላ ወይም ልብስ ሲታጠፍ፣ ግማሽ ሰዓት የጋራ ማድመጫ ጊዜ ይሁን። አንድ ስልክ በመካከል ይቀመጥ፤ የጆሮ ማዳመጫ አይኖርም። ከትንሹ ልጅ እስከ አያት ድረስ እያንዳንዱ አንድ ዘፈን ይምረጥ፤ ዘፈኑም እስከ መጨረሻው ይደመጥ። የልጅዎ ምርጫ ባይጥምዎትም አይንቀፉት፤ በእርስዎ ተራ እርሱም እንዲታገሥ ነውና። ባልም በዚህ ተራ እንደ ማንኛውም የቤቱ ሰው አንድ ድምፅ ይኑራቸው።

ሁለተኛ፣ ከዘፈኑ ጋር ታሪኩን ይንገሩ። ማን እንደዘፈነው፣ የት እንደሰሙት፣ ያን ጊዜ ምን ይሠሩ እንደ ነበር ይናገሩ። ልጆች ምክር ሲሰለቹ ታሪክ ግን ይሰማሉ።

ሦስተኛ፣ ዕድሜን ይመልከቱ። ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ሌሎችም ለአባልነት ያስቀመጡት ዝቅተኛ ዕድሜ 13 ዓመት ነው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ በራሱ ስም ከገባ ዕድሜውን ዋሽቶ ነው ማለት ነው። በዘፈን ታጅባ ስትጨፍር ራሷን ቀርጻ የምትለቅ ልጅም ቪዲዮውን ዘመድ ብቻ ሳይሆን ማንም ሊያየውና ቀድቶ ሊያስቀረው እንደሚችል በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ሊነገራት ይገባል።

አራተኛ፣ ኪስዎን ያስቡ። ዘፈንን በድምፅ ብቻ ለአንድ ሰዓት ማድመጥ 60 ሜጋባይት ያህል ዳታ ሲወስድ በቪዲዮ ማየት ግን ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ደጋግመው የሚሰሙትን አንድ ጊዜ በድምፅ አስቀምጦ ማድመጥ የወሩን የዳታ ወጪ ይቀንሳል።

አምስተኛ፣ ዘፋኙም ልጆች የሚያሳድግ ሠራተኛ መሆኑን አይርሱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘፈን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ተባዝቶ እንዳይሰራጭ ይከለክላል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አዲስ አልበም ለደከመበት ሰው ምንም አያስገኝም። ኤልያስ መልካን ጨምሮ የሙዚቃ ባለሙያዎች በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ የጀመሩትም ይህን ችግር ለማቃለል ነበር። የሚወዱትን ዘፈን ከባለቤቱ የዩቲዩብ ገጽ ላይ መክፈትና አቅም ሲፈቅድ መግዛት ለልጆችም የሐቀኝነት ትምህርት ይሆናል።

ውድ አንባቢ፣ ዘፈን እንደ ዛሬው በዝቶና ረክሶ አያውቅም። ጊዜ ግን አልበዛም፤ በተለይም ለእርስዎ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ቀን መሥሪያ ቤት፣ ማታ ማጀት ይጠብቅዎታል። ቢሆንም ስድስት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ዘፈን ከልጅዎ ጎን ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ማድመጥ አያቅትም። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ከአንደኛዋ ልጅ ማዳመጫ አንዱን ጆሮ ይለምኗትና «እስቲ ምንድን ነው የምትሰሚው?» ይበሏት። ሲያልቅም የራስዎን አንድ ዘፈን ያሰሟት።